የጋሽ ኦላና ዶሮ ቤት

የሰው ቤት ሲሠራ ቆሞ ማየት የሚወድ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። በእኛ ሰፈር ያ ሰው እኔ ነኝ። ጉድጓድ ሲቆፈር ካየሁ የተላክሁበትን እረሳለሁ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እቆምና፣ "ይሄ ቋሚ ትንሽ ወደ ግራ ዘመም ብሏል" እላለሁ። የጠየቀኝ ሰው የለም። የገዛ አጥሬ ግን ከወደቀ ክረምት አልፎት በጋ ገብቶ ነበር፤ ባለቤቴ አስካለ ይህንን ሳታነሳብኝ የዋለችበት ቀን ትዝ አይለኝም። ወደ ራሴ አጥር መዞር ሲመጣ አንገቴን ያመኛል።

እንግዲህ ጠባዬን ከወዲሁ እወቁልኝና የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ኮልፌ፣ ከ18 ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ እኔና ጋሽ ኦላና ጎን ለጎን በምንኖርበት መንደር። ጋሽ ኦላና አልጋ ሠሪ ናቸው። ከወለጋ የመጡ፣ ረጅም፣ ሲስቁ እንኳ ድምፅ የማያሰሙ ሰው። ጴንጤ ናቸው። ያን ጊዜ ጴንጤ መሆን እንደዛሬው መዝሙሩን በድምፅ ማጉያ ለቅቆ ሰፈር ማስጨነቅ አልነበረም። የጸሎት ቤቶቻቸው ታሽገው፣ ሰዎቹ በየሰው ሳሎን ተደብቀው በሹክሹክታ የሚዘምሩበት ዘመን ነው። የተያዘ ይታሰራል።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ጴንጤ የሚል ቃል በቤቷ ሲነሳ ፊቷን የምታጠቁር እናት ናት ያሳደገችኝ። ጋሽ ኦላናን ግን እወዳቸው ነበር፤ ምክንያትም አለኝ። አስካለ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ምጥ የያዛት ዕለት መኪና ጠፋ። እኔ ሸሚዜን በግልባጩ ለብሼ ግቢው ውስጥ ስሽከረከር፣ ጋሽ ኦላና ቀለሙ ያልደረቀ አዲስ አልጋ አውጥተው፣ አስካለን አስተኝተው፣ ከሠራተኞቻቸው ጋር እስከ አስፋልቱ ተሸከሟት። ቀሚሷ ላይ ያ ቡናማ ቀለም እስከ ዛሬ አለ። ከዚያስ በኋላ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አልጋውን ያዘዘው ሰውዬ ሲመጣ "ምጥ የያዛት ሴት ተኝታበታለች" ብለው ነገሩት። ሰውዬው አልፈልግም ብሎ ሄደ።

ጋሽ ኦላና አይዋሹም። ሰው ሁሉ አልዋሽም ይላል፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነው። ሊገዛ የመጣውን ሰው "ይህቺ እግሯ ከሁለት ክረምት በኋላ መንቋቋት ትጀምራለች" ይሉታል። አስካለ አዲስ ቀሚስ ለብሳ "እንዴት ነው ጋሼ?" ብትላቸው ትንሽ አስበው "ያኛው ይሻልሽ ነበር" አሏት። እኔን ለዚህ ሁሉ ጣጣ የዳረገኝ ይህ አመላቸው ነው።

አንድ በጋ ላይ ጓሯቸው ውስጥ ቤት መሥራት ጀመሩ። ቀበሌ ሄደው አስፈቅደዋል። "ስንት ክፍል ነው?" ተባሉ፤ "አንድ" አሉ። ትርፍ ቤት በሚወረስበት ዘመን አንድ ክፍል ማንን ያስፈራል? ተፈቀደላቸው። የክፍሉን ስፋት የጠየቀ አልነበረም።

ቋሚው ሲተከል እኔ እንደ ልማዴ ቆሜያለሁ። ቆሜ ቆሜ ግራ ገባኝ። ክፍሉ አያልቅም። ከጎመኑ መደብ ተነስቶ እስከ ኋላው አጥር ይሄዳል። መሃሉ ላይ ግድግዳ የለው፣ ጓዳ የለው፤ መስኮቶቹ ደግሞ ከሰው ራስ በላይ ናቸው። ሰፈሩ በየፊናው ገመተ። ወፍጮ ሊተክል ነው ያለ አለ። የሠርግ አዳራሽ ነው ያለ አለ። እኔ በበኩሌ የአልጋ መጋዘን ነው ብዬ ለሚሰማኝም ለማይሰማኝም አስረዳሁ። ስለ ግንባታ የሚያውቅ ሰው ሲናገር እንዲህ ነው የሚሰማው መስሎኝ ነበር።

ግድግዳው የሚመረግ ዕለት ሰፈሩ ተጠራ። እኛ ዘንድ ምርጊት ማለት ሱሪን እስከ ጉልበት ሰብስቦ ጭቃና ጭድ ሲረግጡ፣ መሃል መሃል ላይ ጠላ ሲጎነጩ መዋል ነው። ጋሽ ኦላና ግቢ ጠላ የለም። ሻይና ዳቦ ቀረበልን። በሻይ ጭቃ የሚያቦካ ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፤ እግር ይከብዳል። ከቤቴል፣ ከአየር ጤና፣ ከየትም ከየትም የመጡ የማናውቃቸው ሰዎች ግን በዚያው በሻይ እንዲህ ይረግጡታል። ከንፈራቸው ሳይከፈት የሚያንጎራጉሩት ነገር አለ፤ እግራቸው አንድ ላይ ይነሳል፣ አንድ ላይ ይወድቃል። ሳላውቀው እኔም በዚያው ዜማ ስረግጥ ዋልኩ። ደስ የሚል ዜማ ነው።

ቤት ገብቼ እግሬን ስታጠብ ለአስካለ አንጎራጎርኩላት። የያዘችውን ጆግ አስቀምጣ አየችኝ።

"ምንድን ነው የምትዘፍነው?"

"እንጃ፤ ጋሽ ኦላና ቤት ስንረግጥ የነበረ ነው። ከአፌ አልወጣ አለ።"

"መዝሙር ነው።"

"የምን መዝሙር?"

"የጴንጤ ነዋ። ስንት ጊዜ በአጥሩ ስሰማው የኖርኩት። የጸሎት ቤት ስትመርግ ውለህ መጣህ እኮ።"

እግሬን ከሳፋው ሳላወጣ ቀረሁ። ለካ አስካለ በአጥሩ ሰምታ ታውቃለች። በዜማው እየረገጥኩ ያላወቅሁት እኔ ነኝ። በማግስቱ ጋሽ ኦላናን በአጥሩ ቀዳዳ ጠየቅኋቸው፤ አጥሬ የወደቀ በመሆኑ ቀዳዳ ማለቴ እንኳ ለክብሬ ብዬ ነው። "ጋሼ፣ ይሄ ቤት እውነት የጸሎት ነው?" አልኳቸው።

"አዎ ልጄ" አሉኝ፣ አልጋ ነው እንደሚሉ ሁሉ። "ሳሎኔ ጠበበ። ሰዎቹ መቆሚያ አጥተው አንዱ ያንዱን እግር እየረገጠ ነው የሚጸልየው። አንዷ ነፍሰ ጡር ባለፈው ራሷን ስታ ወደቀች። ምን ላድርግ?"

"ቢጠይቁዎትስ?"

"ከጠየቁኝ እነግራቸዋለሁ።"

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። እኔ የቀበሌው የልማት ኮሚቴ አባል ነበርኩ። እንዴት ተመረጥክ ለሚለኝ፣ ስብሰባው ረዝሞ ሽንቴ ቢይዘኝ ለመውጣት ላስፈቅድ እጄን አወጣሁ። ለካ በዚያች ደቂቃ "ፈቃደኛ የሆነ ጓድ አለ?" ተብሎ ኖሯል። ጭብጨባው ሲቀልጥ ሽንቴም ጠፋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሰፈራችን ለበቀለውም ላልበቀለውም ነገር ተጠያቂው እኔ ሆንኩ።

የሚቀጥለው እሑድ ስብሰባ ተጠራ። ግራ እጃችንን አንስተን መፈክራችንን ካሰማን በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ተሰማ ተነሳ። ጓድ ተሰማ አጭር፣ ደረቅ፣ ፈገግታውን ለበዓል የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ማንንም ሲያይ የሆነ ነገር የደበቀው ይመስለዋል፤ እውነቱን ለመናገር አብዛኞቻችን ደብቀናል።

"ጓድ ኦላና ጓሮ የተሠራው ቤት" አለ። "ሰፊ ነው። በጣም ሰፊ ነው። አገልግሎቱ ምንድን ነው?"

ጋሽ ኦላና ከኋላ ተነሱ። ቆባቸውን አወለቁ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና አፋቸውን ከፈቱ። እኔ ደግሞ እውነቷ ወደ ከንፈራቸው ስትመጣ አየኋት። ሰውዬው ሊታሰሩ ነው። ያቺ ነፍሰ ጡር ልትታሰር ነው። በሻይ ጭቃ የረገጡት ሁሉ ሊታሰሩ ነው፤ አብሬ ስረግጥ የዋልኩት እኔም ሳልቀር። ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። ምን እንደምል አላውቅም። ከሊቀመንበሩ ራስ በላይ ግድግዳው ላይ የልማት ሥዕል ተለጥፏል፤ ማረሻ አለ፣ ላም አለች፣ ዶሮ አለች። ማረሻው ለኮልፌ አይሆንም። ላም ቢሉኝ ወተቱ የታል ይሉኛል።

"ዶሮ ቤት ነው" አልኩ።

ጋሽ ኦላና አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ።

"ዶሮ ቤት" አለ ጓድ ተሰማ።

"የዶሮ እርባታ። ኮሚቴያችን በቅርብ እየተከታተለው ነው።"

"በግል ነው በማኅበር?"

"በማኅበር" አልኩ። ጭብጨባ ሆነ። ጭብጨባ ደግሞ ሰውን ያሰክራል። "መስኮቶቹ ከፍ ያሉት ዶሮዎቹ በርረው እንዳይወጡ በጥናት ነው" ብዬ ጨመርኩ። እንደገና ተጨበጨበ። እዚያው ብቆም ደህና ነበር፤ ግን "ሌሎች ቀበሌዎች ከእኛ ሊማሩ ይችላሉ" አልኩ። ይህቺን ያስባለኝ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቀውም።

ስንወጣ ጋሽ ኦላና እንዲያመሰግኑኝ ጠብቄ ነበር። ጎን ለጎን ሄድን። በራችን ላይ ስንደርስ ቆሙ።

"ዋሸህልኝ" አሉ።

"ምን ላድርግ ጋሼ? ሊያስርዎት ነው እኮ።"

"ልብህን አይቼዋለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥህ። ግን እኔ በውሸት የቆመ ቤት ውስጥ ገብቼ መጸለይ አልችልም።"

"ታዲያ ሄደው ሊነግሩት ነው?"

"ብነግረው አንተን ውሸታም አደርግሃለሁ። እሱንም አልችልም።" ራሳቸውን አከኩ። አንድ የተጣመመ ጣውላ ሲያቃኑ የሚያደርጉት ነገር ነው። "ዶሮ እናስገባበታለን" አሉ በመጨረሻ። "ዶሮ ከገባበት ዶሮ ቤት ነው። ያንተም ቃል እውነት ይሆናል፣ የእኔም ጸሎት ይቀጥላል።"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ጋሽ ኦላና አይቀልዱም፤ ይህንንም ያን ጊዜ ነው የተማርኩት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ከሰዓት፣ የጸሎታቸው ሰዓት ሲደርስ፣ እንግዶቹ አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። ንጹሕ የለበሱ፣ ጸጉራቸውን ያበጠሩ፣ አንገታቸውን ሰበር ያደረጉ ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዶሮ በብብታቸው ሸጉጠው። አንዱ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የሚመስል ክራቫት ያሰረ ሰው አውራ ዶሮ ይዞ በሩ ላይ ሲደርስ፣ ዶሮው ክራቫቱን ይዞ አልለቅም አለ። እኔ በራፌ ላይ ቆሜ በሆዴ እቆጣጠራለሁ። ሥራው እየተሳካ ነው አልኩ። በውስጥ መዝሙሩን በሹክሹክታ ሲጀምሩ ዶሮዎቹ አብረው ይንጫጫሉ፤ ከውጭ ለሚሰማው የዶሮ ድምፅ ብቻ ነው። አስካለን ጠርቼ "ይኸው፣ እንደ እኔ ያለ ጭንቅላት ያለው ሰው አሳይኝ" አልኳት። አስካለ ግን መንገዱን እያየች ነበር።

"ሰው ዶሮ ይዞ ይገባል፣ ባዶ እጁን ይወጣል" አለች። "ሰፈሩ ምን እንደሚል አስበሃል?"

አላሰብኩም ነበር። ሰፈሩ ግን አሰበ። ባለ ጉዳዩ ዶሮ ይዞ ገብቶ፣ በሹክሹክታ አነጋግረውት፣ ፊቱ በርቶ ባዶ እጁን የሚወጣበት ቤት አንድ ብቻ ነው። በሳምንቱ ውስጥ ጋሽ ኦላና ጠንቋይ ሆነዋል ተባለ። ያውም ተራ ጠንቋይ አይደሉም፤ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሳይቀር ክራቫት አስሮ የሚመጣላቸው ነው ተባለ።

መጀመሪያ የመጡት እትዬ ደብሪቱ ናቸው። እትዬ ደብሪቱ ከጋሽ ኦላና በታች ያሉ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ ባልቴት ናቸው። አማቻቸው ልጃቸውን ጥሎ አንዲት ጠጅ ሻጭ ዘንድ ከከረመ ሰንብቷል። በጠዋት ገብስማ ዶሮ በነጠላቸው ሸፍነው መጡ። እኔ ጋሽ ኦላና ግቢ የበሩን መዝጊያ ስመለከት ነበርና ሁሉንም ሰማሁ።

"ገብስማዋን አምጥቻለሁ። ቀይም ካስፈለገ ይገኛል" አሉ እትዬ ደብሪቱ።

"እትዬ፣ እኔ ጠንቋይ አይደለሁም" አሉ ጋሽ ኦላና።

"አውቃለሁ። ትልልቆቹ እንደዚያ ነው የሚሉት።"

"እውነቴን ነው። እኔ አልጋ ነው የምሠራው። መጸለይ ብቻ እችላለሁ።"

"እሱኑ አድርግልኝ እንግዲህ፣ ስሙን እንደፈለግህ በለው።"

ጋሽ ኦላና ምን ያድርጉ? መጸለይ አልችልም ቢሉ ውሸት ነው። አጠገባቸው ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ስለ ልጅቷና ስለ ባሏ አጠር ያለች ጸሎት ጸለዩላቸው። ዶሮዋን ግን አልቀበልም አሉ። እትዬ ደብሪቱ የሰጡትን መልሶ መውሰድ መዘዝ አለው ብለው ፈሩ፤ ገብስማዋን በሩ ሥር ለቀው ሮጡ ማለት ይቻላል። አማቻቸው በሳምንቱ ተመለሰ። የጠጅ ሻጯ ቤት ለመንገድ ሥራ ፈርሶ ሴትየዋ ወደ ሌላ ሰፈር መዛወሯን እኔ አውቃለሁ፤ እትዬ ደብሪቱ ግን ይህን ሊሰሙ አልፈለጉም። ለሚያውቋት ሴት ሁሉ ነገሩ።

ከዚያ በኋላ በር ላይ ወረፋ ሆነ። የጠፋ ልጅ ያላት፣ ወገቧን ያመማት፣ ኳስ ተጫዋች ልጁ ጎል አላገባ ያለው፣ ሁሉም ዶሮውን አቅፎ ይመጣል። ጋሽ ኦላና ለሁሉም "ጠንቋይ አይደለሁም" ይላሉ፤ ለሁሉም ይጸልያሉ፤ ሁሉም ዶሮውን ጥሎ ይሸሻል። ገብስማ፣ ወሰራ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ አንገተ ባዶ ሳይቀር ሞላ። ያን ያህል ዶሮ በአንድ ግቢ ተሰብስቦ አይቼ አላውቅም። ጥሬ ማቅረብ የእኔ ሥራ ሆነ። ኮሚቴ ነኝ አይደል? ከሥራ ስመለስ ኬሻ ተሸክሜ ነው የምገባው። አስካለ "ለራስህ አጥር አንድ እንጨት ተሸክመህ አታውቅም" ትለኛለች። ልብሴ ሁሉ ላባ ሆነ። መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ባስነጥስ ላባ ወጣ።

ይህ ሁሉ ወሬ ጓድ ተሰማ ጆሮ ሲደርስ የጥንቆላው ክፍል በመንገድ ጠፍቶ የደረሰው የዶሮው ብቻ ነው። ቢሮው አስጠራኝ። ያን ዕለት ፈገግ አለ፤ የማንኛውም በዓል ዋዜማ አልነበረም።

"እርባታው ሰፋ አሉ።"

"ትንሽ ሰፍቷል" አልኩ።

"ከቀበሌ በላይ ላለው ለከፍተኛው ሪፖርት አድርጌያለሁ። ጓድ ኃላፊው ራሳቸው ዓርብ መጥተው ይጎበኛሉ።"

ሁዳዴ ተጋምሶ ነበር፤ ለቀረው ጾም እህል ውኃ አላስፈለገኝም። በቀጥታ ጋሽ ኦላና ዘንድ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ምንም አይናገሩ። የሚጠይቁትን እኔ እመልሳለሁ።"

"ጥሩ።"

"ቃልዎን ይስጡኝ።"

"ካልጠየቁኝ አልናገርም" አሉ። "እኔን ከጠየቁኝ ግን፣ ልጄ፣ እውነቱን ነው የምናገረው። አንተ ዶሮ ቤት ነው ስትል ዶሮ ያስገባሁት ዋሽቼ መኖር ስለማልችል ነው። አሁን ደግሞ ልዋሽ?"

አልተጣላኋቸውም። በዚያ አልጋ አስካለን የተሸከሙ ሰው ናቸው። ግን እውነቱን ለመናገር ያን ቀን አናቴ ፈላ። አንድ ሰው እኔ ባለሁበት ሁሉ ውሸቴን እየተከተለ እውነት ሲያደርግብኝ፣ ራሴን ምን ያህል ውሸታም እንደሆንኩ አወቅሁት። ከዚህም በላይ ፈራሁ። ለእሳቸውም፣ ለራሴም።

ዓርብ ደረሰ። ከከፍተኛው የመጣው ኃላፊ ካኪ ኮት የለበሰ፣ ግዙፍ፣ በተከበረ ቁጥር ድምፁ ጎርነን የሚል ሰው ነበር። ጓድ ተሰማና ሌሎች ሁለት ጓዶች ተከትለውታል። እኔ ከፊት፣ ጋሽ ኦላና ከኋላ። በሩን ከፈትኩት።

ውስጡን አስቡት። አዲስ የተመረገ ሰፊ አዳራሽ፣ ከላይ ካሉት መስኮቶች ብርሃን ይወርዳል። ጋሽ ኦላና ለሰዎቻቸው የሠሯቸው አግዳሚ ወንበሮች ከግራና ከቀኝ በረድፍ ተደርድረዋል፤ ላንሳቸው ብላቸው "ለምን? የተሠሩት ለዚህ ነው" ብለውኛል። ወንበሮቹ ላይ ዶሮዎች ተቀምጠዋል። ሁሉም። በረድፍ በረድፍ፣ ዝም ብለው፣ ፊታቸውን ከፊት ወዳለው መድረክ አድርገው። ጥሬ የምበትንላቸው ከመድረኩ ሥር ስለሆነ፣ ሰው ሲገባ እዚያ ማየት ለምደዋል።

ኃላፊው በሩ ላይ ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ ራሱም ያወቀ አልመሰለኝም።

"ሥርዓት አላቸው" አለ ቀስ ብሎ።

"ቆጥ ላይ ነው የሚያድሩት፤ እነዚህ ዘመናዊ ቆጦች ናቸው" አልኩ።

"ሁሉም ወደ ፊት ነው የሚያዩት።"

"ንቃታቸው ከፍ ያለ ነው።"

መድረኩ ላይ ወጣና የመጽሐፍ ቅዱስ ማስቀመጫውን አትሮኖስ ዳበሰው። "ይሄስ?"

"የመኖ መደባለቂያ ነው ጓድ።" ከኋላዬ ጋሽ ኦላና በረጅሙ ተነፈሱ። ያቺ ትንፋሽ ዱላ ሆና ጀርባዬን መታችኝ።

ኃላፊው ትንፋሿን ሰምቶ ዞረ። "አባት፣ የቤቱ ባለቤት እርስዎ ነዎት? ዝም አሉ እኮ።"

"እሳቸው ትንሽ ዓይን አፋር ናቸው" አልኩ።

"አንተን አልጠየቅሁም። አባት፣ ይህን የመሰለ ቤት ምን አስበው ነው የሠሩት?"

ጋሽ ኦላና ቆባቸውን አወለቁ።

"ለጸሎት ነው የሠራሁት" አሉ።

አንዲት ዶሮ እንኳ አልተነቃነቀችም። እኔ አስካለ ስንቅ ይዛ በእስር ቤት በር ስትሰለፍ ታየችኝ፤ ምግቡን ስትሰጠኝ ስለ አጥሩ ስታነሳ ሁሉ ሰማኋት። የኃላፊው ግንባር መጨማደድ ጀመረ። ዓይኑ ከጋሽ ኦላና ወደ አትሮኖሱ፣ ከአትሮኖሱ ወደ ወንበሮቹ ሄደ።

ያኔ ከጎኑ አንድ ሳቅ ፈነዳ። ዞሬ አየሁ፣ ጓድ ተሰማ ነው። የሚስቀው ጓድ ተሰማ ነው፤ ሆዱን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ያ በዓል ካልሆነ ጥርሱ የማይታይ ሰው። "ለጸሎት" ይላል፣ ዶሮዎቹን በጣቱ እያመለከተ። "ምእመናኑን አዩልኝ ጓድ።" ኃላፊው ዶሮዎቹን እንደገና አያቸው። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ እሱም ሳቁን ለቀቀው። ሁለቱ ጓዶች ኃላፊው ከሳቀ አይቀርም ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ የእኔ ለቅሶም ነበረበት።

"እውነቴን ነው" አሉ ጋሽ ኦላና፣ ግራ ገብቷቸው። ሳቁ ባሰ።

"ስለ ምንድን ነው የምትጸልዩት አባት?" አለ ኃላፊው ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ።

"ስለ ሰው ሁሉ። ስለ እናንተም።"

ኃላፊው አሁንም ሊስቅ ነበር፣ ግን አልወጣለትም። ጋሽ ኦላናን ትንሽ አያቸው። "በርቱ" አለና ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ቀበሌያችን በዶሮ እርባታ አርአያ ነው ተባለ፤ ጋሽ ኦላናም ተጫዋች አዛውንት ናቸው ተባሉ። በዕድሜያቸው አንድ ቀን ቀልደው የማያውቁት ሰው ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከቤት ስወጣ ጓድ ተሰማ መንገድ ላይ ቆሞ አገኘሁት። "ወዲህ በል" አለኝ፤ ከዋናው መንገድ ገለል ብለን በአንድ አጥር ሥር ቆምን። ሳቁ የትም የለም። ወደ ቀድሞ ፊቱ ተመልሷል።

"ጓድ ኦላና ቀልደኛ ሰው ናቸው" አለ።

"በጣም ቀልደኛ ናቸው" አልኩ።

"ቀልደኛ አይደሉም።"

የምዋሸው አልቆብኝ ነበር።

"ባለቤቴ" አለና ግራና ቀኝ አየ። "ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ዘንቢል ይዛ ትወጣለች። ከዶሮ ቤቱ እንቁላል ልገዛ ነው ትለኛለች። ዘንቢሉን ባዶውን ይዛው ትመለሳለች። አልቋል ትለኛለች። በሚቀጥለውም ሐሙስ አልቋል። ያን ሁሉ ዶሮ አይቼዋለሁ፣ እንዴት ነው ሁልጊዜ የሚያልቀው?" መሬቱን በጫማው ጫፍ ጫረ። "ስትመለስ ግን ፊቷ ሌላ ነው። ልጃችን ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። ሐሙስ ማታ እራት ላይ ታወራኛለች።"

ይህን ደረቅ ሰው ያን ጊዜ ላቅፈው ፈለግሁ። ሊቀመንበር ስለማይታቀፍ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

"ታዲያ ለምን ማወቅዎን አይነግሯትም?" አልኩት።

"እኔ ከነገርኳት አውቄያለሁ ማለት ነው። ካወቅሁ ደግሞ ሊቀመንበር ነኝ።" ቀና ብሎ አየኝ። "አንተ ንገርልኝ። እሱ ነው የላከኝ ሳትል፣ ከራስህ እንደመጣ አድርገህ። እናቴ እኛ ጋ ናት፣ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተቀምጣ ወጪ ገቢውን ታያለች፤ ጎረቤቱም ያያል። ሁዳዴ ነው። በሁዳዴ በየሳምንቱ እንቁላል የሚገዛ ሰው ማን አለ? ሽንኩርት ልገዛ ነው ትበል።"